ቅልጥምና ወዳጅነት፦ በረዶ ስለሌለው የቢቸና ሆኪ

የበረዶ ላይ ሆኪ፣ ደንቡ እንደሚለው፣ ስድስት ስድስት ሰው የሚያሰልፉ ሁለት ቡድኖች ከጫማቸው ሥር ስለታም ብረት ገጥመው፣ በሰሜን አሜሪካ ልክ 61 ሜትር በ26 ሜትር በሆነ የረጋ በረዶ ላይ እየተንሸራተቱ፣ ጫፉ በቆለመመ ዱላ አንዲት ጠፍጣፋ የጎማ ክብ እየመቱ ወደ ተቃራኒ መረብ ለማስገባት የሚሻሙበት ጨዋታ ነው። ፓክ የምትባለው ይህች ጎማ ክብደቷ ከ156 እስከ 170 ግራም ሲሆን፣ እንደ ልቧ እንዳትነጥር ከጨዋታው በፊት በማቀዝቀዣ ውስጥ ትቀመጣለች። ከዚህ ትርጓሜ ላይ በረዶው፣ ብረቱ፣ መረቡ፣ ማቀዝቀዣውና ስድስት የሚለው ቁጥር ቢነሣ የሚቀረው ቆልማማ ዱላ፣ የሚመታ ነገርና የተቃራኒ ወገን ቅልጥም ነው፤ ይኸው ቀሪ ደግሞ በምሥራቅ ጎጃም፣ ከደጀን ወደ ሞጣ በሚወስደው መንገድ ላይ ባሉት በቢቸናና በሞጣ አካባቢዎች፣ በልደት ሰሞን በየመስኩ የሚታየው የገና ጨዋታ ነው። ስለዚህ የአዋቂዎችን የትርፍ ጊዜ ሆኪ ለማጥናት የተነሣ ሰው እስከ ካናዳ የአውሮፕላን ትኬት ከመቁረጡ በፊት የቢቸናን መናኸሪያ ቢያስብ አይከፋም።

በረዶን በተመለከተ የቢቸና ሀብት አነስተኛ መሆኑ መካድ የለበትም። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር በሚጠጋ ደጋ ላይ ትቀመጥ እንጂ፣ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ከጮቄ ተራራ የሚወርደው ብርድ በታኅሣሥ ሌሊት የሚያመጣው ውርጭ ባቄላ ለማቃጠል በቂ ሲሆን ሰው ለማንሸራተት ግን አይበቃም፤ በክረምት የሚወርደው በረዶም ቆርቆሮ ይደበድባል፣ ሰብል ይመታል፣ ከዚያም ቀልጦ ወደ ዓባይ ይሄዳል። ሦስተኛው የበረዶ ዓይነት መብራት በማይጠፋበት ቀን በመጠጥ ቤት ማቀዝቀዣ ግድግዳ ላይ የሚጋገረው ሲሆን፣ በእርሱ ላይ ሆኪ መጫወት ባይቻልም፣ በኋላ እንደሚታየው፣ ከጨዋታው ዋና ክፍል ጋር የቀረበ ግንኙነት አለው።

ጎረቤት አገር ይህን ችግር በገንዘብ ፈትታዋለች፤ በናይሮቢ አንድ ሆቴል እ.ኤ.አ. በ2005 በቤት ውስጥ የበረዶ ሜዳ ከፍቶ፣ ከዚያ ሜዳ «አይስ ላየንስ» የሚባል የኬንያ ቡድን ወጥቶ፣ ተጫዋቾቹ እ.ኤ.አ. በ2018 ካናዳ ድረስ ተጉዘው ከዝነኞቹ የሆኪ ተጫዋቾች ከሲድኒ ክሮዝቢና ከኔታን ማኪነን ጋር እስከ መጫወት ደርሰዋል። ኢትዮጵያም ብትሆን ከበረዶ ፈጽሞ አልራቀችም፤ ሮቤል ተክለማርያም እ.ኤ.አ. በ2006 በቱሪን፣ በ2010 ደግሞ በቫንኩቨር የክረምት ኦሊምፒክ ሰንደቅ ዓላማዋን ይዞ በበረዶ ሸርተቴ ተወዳድሯል። የቢቸና ሰው ግን በረዶም ሆቴልም ሳይጠብቅ፣ ዱላውን ከጫካ ቆርጦ ጨዋታውን ከጀመረ ብዙ ዘመን ሆኖታል።

በካናዳና በአሜሪካ የተስፋፋው የአዋቂዎች የትርፍ ጊዜ ሊግ፣ ተጫዋቾቹ ራሳቸው በፍቅር «የቢራ ሊግ» የሚሉት፣ ከዋናው ሊግ የሚለየው በችሎታ ብቻ አይደለም። በዚህ ሊግ የጥርስ ሐኪም፣ የቧንቧ ሠራተኛ፣ የባንክ ሥራ አስኪያጅና ከአምስት ዓመት በፊት ጉልበቱን በቀዶ ሕክምና ያስጠገነ ጡረተኛ በአንድ መለያ ሥር ይሰለፋሉ፤ የበረዶ ሜዳ ኪራይ ውድ በመሆኑና አመቺው ሰዓት ለሕፃናት ስለሚሰጥ ጨዋታቸው ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከምሽቱ አራትና አምስት ሰዓት ላይ ነው፤ በነጋታው ሁሉም ሥራ ስላለበት በሰውነት ተጋጭቶ መጣል ተከልክሏል፤ ግብ ጠባቂ ለመሆን የሚፈቅድ ሰው እምብዛም ስለማይገኝ በብዙ ሊጎች ግብ ጠባቂው መዋጮ ሳይከፍል ይጫወታል። ሰዓቱ ሲያልቅ ሁለቱ ቡድኖች ተሰልፈው ይጨባበጣሉ፤ ከዚያም ልብስ መለወጫ ክፍል ውስጥ የቢራ ሣጥን ይከፈታል፣ የገባችው ጎል እንደገና ትገባለች፣ ያልገባችውም ትገባለች። ነገሩን ቀረብ ብሎ ለተመለከተ ሰው ሊጉ የቆመው ለጎል አይደለም፤ ዓመቱን ሙሉ በሥራ፣ በማዕረግና በይሉኝታ ታስሮ የኖረ አዋቂ ሌላውን አዋቂ ያለ ክስና ያለ ቂም የሚጋፋበት የተፈቀደ ሰዓት እንዲኖረው ነው።

ቢቸና ይህን ሰዓት የምታገኘው ከቤተ ክርስቲያን የቀን መቁጠሪያ ነው። ኅዳር 15 ቀን የገባው የነቢያት ጾም ከአርባ ቀን በላይ ቆይቶ ሲፈታ፣ ታኅሣሥ 29 ቀን፣ በዘመነ ዮሐንስ ደግሞ አንድ ቀን ቀድሞ ታኅሣሥ 28 ቀን፣ የልደት በዓል ይሆናል። ጤፉ በአብዛኛው ታጭዷል፣ አውድማው ተለቅልቋል፣ በሬው ከቀንበር አርፏል፤ ሰውም ከአንድ ወር ተኩል ሽሮ በኋላ ሥጋ ቀምሶ ጉልበቱን የሚያሳርፍበት ቦታ ይፈልጋል። ትውፊቱ ጨዋታውን ከእረኞች ያያይዘዋል፤ በቤተ ልሔም አካባቢ ሌሊት መንጋ ይጠብቁ የነበሩት እረኞች የጌታን መወለድ በሰሙ ጊዜ ደስታው ቢፈነቅላቸው በያዙት በትር ያገኙትን እየመቱ ቦረቁ ይባላል። የእረኛን ጠባይ የሚያውቅ የጎጃም ሰው ይህን ለማመን ማስረጃ አያስፈልገውም፤ እረኛ በትር ይዞ፣ ሜዳ አግኝቶ፣ የሚቆጣው ሰው በአቅራቢያ ከሌለ፣ ሌላ ምን ያደርጋል?

የጨዋታው ዱላ ራሱ ገና ይባላል፤ በዚህ ዱላ ጉዳይ ላይ ጥቂት መቆየት ተገቢ ነው። ጥሩ ገና ከገበያ አይገዛም፤ ከወይራ ወይም ከሌላ ጠንካራ እንጨት፣ ጫፉ በተፈጥሮው ወደ አንድ ወገን የዞረ ቅርንጫፍ ወይም ሥር ታይቶ ይቆረጣል። እንዲህ ያለው ቢታጣ ደግሞ ቀጥ ያለው እርጥብ እንጨት በእሳት ወላፈን እየተለበለበ፣ ልጡ ሲላላ ቀስ በቀስ ይጎብጣል፤ ከጎበጠም በኋላ ተመልሶ እንዳይቃና በልጥ ወይም በገመድ ታስሮ ከምድጃ በላይ ጭስ እየጠጣ ይሰነብታል። ስለዚህ ለጨዋታው ልቡን የሰጠ ሰው ዱላውን የሚያየው ልደት ሲደርስ ሳይሆን ገና በመስቀል ሰሞን፣ ማገዶ ሊለቅም ወይም ከብት ሊመልስ በወጣበት ነው፤ አንድ ጎልማሳ ባለትዳር ከሰው አጥር ላይ ያለ አንድ ቅርንጫፍ ሥር ቆሞ አንገቱን አዘንብሎ ብዙ ሲያይ ቢገኝ ስለ አጥሩ ባለቤት ልጅ እያሰበ ነው ተብሎ መጠርጠር የለበትም። የካናዳው ተጫዋች ከካርቦን የተሠራ ዱላ በ300 ዶላርና ከዚያም በላይ ገዝቶ፣ በሦስተኛው ሳምንት ከሁለት ሲሰበርበት ሱቁን ሲረግም፣ የቢቸናው ተጫዋች ዱላው ሲሰበር የሚረግመው ያማረጠውን ዓይኑን ብቻ ነው።

የሚመታው ነገር እንደ አካባቢው ጥንግ ወይም ሩር ይባላል፤ ከጠንካራ እንጨት ተጠርቦ ክብ የተደረገ፣ ወይም ከቆዳ ተጠቅልሎ የተሰፋ፣ በጭብጥ የሚያዝ ኳስ ነው። የእንጨቱ ጥንግ በደንብ ከተመታ ድምፁ ከሚታይበት ቦታ በላይ ይሰማል፤ ሰው ከነካ ደግሞ የሚሰማው ድምፅ የእንጨቱ ሳይሆን የሰውየው ነው። ሜዳውም የራሱ ተንኮል አለው። የቢቸና አካባቢ ዋልካ የሚባለው ጥቁር ጭቃማ አፈር ጤፍ አብቃይነቱ የታወቀ ቢሆንም፣ በክረምት ጫማ እየነቀለ የሚያስቀር፣ በበጋ ግን ውኃው ሲደርቅ ተጨማትሮ የሚሰነጣጠቅ በመሆኑ፣ በልደት ሰሞን በየመስኩ እግር የሚያስገቡ ስንጥቆች መከፈት ይጀምራሉ። ጥንጓ በሩጫ ላይ ሳለች ከእነዚህ ስንጥቆች በአንዱ ውስጥ ብትገባ ጨዋታው ይቆማል፤ አሥራ አምስትና ሃያ የሚሆኑ ትላልቅ ሰዎች አንዱን ስንጥቅ ከበው በዱላቸው ጫፍ ይጎረጉራሉ፤ ገሚሱ ጥንጓ ከእኛ ወገን ገባች፣ ገሚሱ ከእናንተ ወገን ገባች እያለ ይከራከራል፤ በመጨረሻም እጁ ቀጭን የሆነ አንድ ልጅ ተጠርቶ እስከ ትከሻው ገብቶ ያወጣታል። በበረዶው ዓለም ሜዳውን የሚያለሰልሰው እ.ኤ.አ. በ1949 በካሊፎርኒያ ፍራንክ ዛምቦኒ የፈለሰፈውና በስሙ ዛምቦኒ የሚባለው ተሽከርካሪ ሲሆን፣ በቢቸና ይህን ሥራ ዓመቱን ሙሉ የሚሠሩት ከብቶቹ ናቸው፤ ሣሩን እየጋጡ ያስተካክሉታል፤ የሚተዉት ነገር ግን ሁልጊዜ ለጨዋታው የሚጠቅም አይደለም።

ስለ አልባሳት ብዙ የሚባል ነገር የለም፤ ምክንያቱም ብዙ ልብስ የለም። የበረዶው ሆኪ ተጫዋች የራስ ቁር፣ የጥርስ መከላከያ፣ የትከሻና የክርን ትራስ፣ ወፍራም ጓንትና ከጉልበት እስከ ቁርጭምጭሚት የሚደርስ ጠንካራ የቅልጥም መከላከያ ለብሶ፣ ለመልበሱ ብቻ ሩብ ሰዓት ይፈጅበታል። የጎጃሙ ተጫዋች በአገሩ የታወቀውን ቁምጣውን ታጥቆ፣ ጋቢውን ለሽማግሌ አስይዞ ወይም በወገቡ ጠምጥሞ፣ ኮንጎ በሚባለው የላስቲክ ጫማ ወይም በባዶ እግሩ ይገባል። ቁምጣ ለእርሻ፣ ለመንገድና ለወንዝ ማቋረጫ ተስማሚ ልብስ መሆኑ አያከራክርም፤ ለገና ጨዋታ ሲሆን ግን አንድ ጉድለት አለው፣ እርሱም በትክክል የሚያልቀው ጨዋታው ከሚጀምርበት ቦታ ላይ ነው። የበረዶው ሊግ ቅልጥምን በመሸፈን ሲጠብቀው፣ ቢቸና የምትጠብቀው በሕግ ነው፤ እያንዳንዱ ወገን ጥንጓን የሚመታበት አቅጣጫ ስለተወሰነ ተጫዋቹ በሚናው መቆም አለበት፤ ሚናውን ሳይለይ በባላጋራው በኩል ገብቶ የተገኘ ሰው ቅልጥሙን ቢመታ ለማንም አቤት ማለት አይችልም። ይህ ሕግ ወንጀለኛው በተያዘበት ቦታና ሰዓት ስለሚፈጸም ዳኛም፣ ይግባኝም፣ የቅጣት ሣጥንም አያስፈልገውም።

የዘመናዊው የቤት ውስጥ ሆኪ ታሪክም ቢሆን ከቅልጥም አይርቅም። በታሪክ የመጀመሪያው የተደራጀ የቤት ውስጥ ጨዋታ ተብሎ የሚጠቀሰው እ.ኤ.አ. መጋቢት 3 ቀን 1875 በሞንትሪያል ቪክቶሪያ የበረዶ ሜዳ የተካሄደው ሲሆን፣ ያኔ በየወገኑ ዘጠኝ ሰው ተሰልፎ፣ ኳስ ነጥሮ ተመልካች እንዳይመታ ጠፍጣፋ ክብ እንጨት ጥቅም ላይ ዋለ፤ ነገር ግን ተመልካቹን ከእንጨቱ ለማዳን የተደረገው ጥንቃቄ ከተጫዋቾቹ አላዳነውም፤ በጊዜው የወጣ አንድ የኪንግስተን ጋዜጣ እንደዘገበው በመጨረሻ በተነሣው ጠብ ቅልጥምና ራስ ተመትቷል፣ አግዳሚ ወንበር ተሰብሯል፣ ሊመለከቱ የመጡት ወይዛዝርትም ተደናግጠው ሸሽተዋል። ይህ ዘገባ የቦታው ስም ተለውጦ ቢቸና ባለችበት በእነማይ ወረዳ በሚገኝ ማንኛውም ጠላ ቤት ቢነበብ አድማጩ የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ «የላይ ሰፈር ነው የታች ሰፈር ያሸነፈው?»

ቡድን የሚመሠረትበት መንገድ ለማኅበራዊ ሳይንስ ተማሪ የተለየ ጥቅም አለው። ክፍፍሉ አንዳንዴ የላይ ሰፈርና የታች ሰፈር፣ አንዳንዴ ባለትዳርና ወንደላጤ፣ አንዳንዴም አንዱ አጥቢያ ከሌላው አጥቢያ ይሆናል። የባለትዳርና የወንደላጤው ክፍፍል ፍትሐዊ ቢመስልም ሁልጊዜ ክርክር ያስነሣል፤ በቅርቡ የተፈታ ሰው በየትኛው ወገን ይሰለፍ የሚለው ጥያቄ ሜዳ ላይ የሚፈታ ስላልሆነ፣ ሰውየው ያለ ፈቃዱ ታሪኩን ሁሉ በአደባባይ ሲያስረዳ ይውላል። ቁጥርን በተመለከተ ባህሉ ቸር ነው፤ እንደ ቦታውና እንደ መጣው ሰው ብዛት ይወሰናል፤ ዘግይቶ የመጣም ሰው ጋቢውን ጥሎ ይገባል። በካናዳ ሊግ ከደረጃው ዝቅ ብሎ የሚጫወት ብርቱ ሰው በድብቅ ማስገባት ትልቅ ነውር ሲሆን፣ በቢቸና ይኸው ነውር አማች ይባላል። ከሞጣ ወይም ከደብረ ወርቅ ለበዓል እኅቱን ሊጠይቅ የመጣ፣ ትከሻው የሰፋ፣ ዝምተኛ አማች ድንገት በታች ሰፈር ወገን ቆሞ ቢታይ፣ የላይ ሰፈር ሰዎች ስለ ሙሽራይቱ ጤንነት ደጋግመው ይጠይቃሉ፤ ጥያቄው የፍቅር ይመስላል፣ ነገር ግን ዓላማው ዝምድናው እውነተኛ መሆኑን ማጣራት ነው።

የጨዋታው ልዩ ጠባይ ከሁሉ በላይ የሚታየው በማዕረግ አያያዙ ነው። ጌታ በገና ጨዋታ ቢመታ መቆጣት እንደማይገባው የሚናገረው አባባል በአገሩ ሁሉ የታወቀ ሲሆን፣ በቀድሞው ዘመን ባላባትና አሽከር፣ ባለርስትና ጭሰኛ በዚህ አንድ ቀን በአንድ ሜዳ ላይ እኩል ዱላ ይዘው ቆመዋል ማለት ነው። ዛሬ ባላባቱ ቦታውን ለሌሎች ለቅቋል፤ ርእሰ መምህሩ፣ የግብርና ባለሙያው፣ የቀበሌው ሊቀ መንበር፣ ማዳበሪያ የሚያከፋፍለው የኅብረት ሥራ ማኅበር ሰው ሁሉም ቅልጥም አላቸው። ጎጃም ደግሞ አንቱታ የማይረሳ አገር ስለሆነ፣ አመታቱ ከአክብሮት ጋር ይሄዳል፤ ወጣቱ በሙሉ ጉልበቱ እየሰነዘረ «ጋሼ፣ ሚናዎን ይለዩ!» ይላል፤ ተመቺው ደግሞ አንድ እግሩን አንሥቶ በሌላው እየዘለለ «ግድ የለም ልጄ፣ ግድ የለም» ይላል፤ ከንፈሩ ግን ሌላ ነገር ይናገራል። በሐምሌ ማዳበሪያ ሲጠይቅ «ነገ ተመለስ» ተብሎ የተመለሰ ገበሬ በታኅሣሥ ጥንጓ ከዚያው ሰው እግር ሥር ስትገባ ጥንጓን ብቻ አይቶ ይመታል ብሎ የሚያምን ተመራማሪ ካለ ሜዳውን አላየም። የሚያስገርመው ግን ሁለቱ ሰዎች ከፀሐይ መጥለቅ በኋላ በአንድ አግዳሚ ላይ ጎን ለጎን መገኘታቸው ነው፤ በዚህ ረገድ የካናዳው የጥርስ ሐኪምና ቧንቧ ሠራተኛ የሚደርሱበት እኩልነት ገና ጀማሪ ነው፤ አንዱ የሌላውን ማዳበሪያ ይዞ አያውቅምና።

ጨዋታው የሚጀመረው ጥንጓ ከመሐል ሜዳ ተቀምጣ የሁለቱ ወገን ብርቱዎች ፊት ለፊት ሲገጥሟት ሲሆን፣ ግቡም ጥንጓን እየነዱ የባላጋራውን ወሰን ማሳለፍ ነው። ወሰኑ አንዳንዴ ዛፍ፣ አንዳንዴ የድንጋይ ክምር፣ አንዳንዴም የእገሌ ማሳ ድንበር ይሆናል። መረብ ስለሌለ ግብ ጠባቂ የለም፤ በዚህም ቢቸና የበረዶውን ሊግ ትልቁን የሰው ኃይል ችግር ሳትሞክረው ፈትታዋለች። በአንጻሩ መረብ አለመኖሩ ጥንጓ ወሰኑን አለፈች ወይስ አላለፈችም የሚለውን ጥያቄ ለንግግር ችሎታ ክፍት ያደርገዋል፤ ንግግር ደግሞ ለጎጃም ሰው የውጭ ዕቃ አይደለም። በቀድሞው የፍርድ ሥርዓት ተከራካሪዎች ፊት ለፊት ቆመው፣ በትር ይዘው፣ በግጥምና በምሳሌ የሚሟገቱበት በላ ልበልሃ የተባለው ወግ ከፍርድ ቤት ከወጣ ብዙ ዘመን ቢሆነውም፣ በገና ሜዳ ላይ ዛሬም ሙሉ ጤንነት አለው፤ ተከራካሪው ጋቢውን ያጣፋል፣ ዱላውን ይተክላል፣ የአያቱን ስም ያስቀድማል፣ ከዚያም ጥንጓ ዛፉን ስታልፍ ያየበትን ዓይኑን እስከ መሐላ ያደርሳል። ዳኞቹ በዳር የተቀመጡ ሽማግሌዎች ናቸው፤ እነርሱም ጥንጓን ከማየት ይልቅ ስለ ዘንድሮው የበሬ ዋጋ ሲጫወቱ ስለነበር ሁለቱንም ወገን በጥሞና ያዳምጣሉ።

ጉዳት የደረሰበት ሰው ወደ ወጌሻ ይሄዳል። ወጌሻ ማለት ወለምታና ስብራት በእጁ እያሸ የሚያቃና የአገር ባለሙያ ሲሆን፣ የልደት ማግስት ለእርሱ የመኸር ወቅት ነው፤ ቅቤ ይቀባል፣ ያሻል፣ ይጎትታል፣ ሲያስፈልግ በቀርከሃ ያስራል። ጥሩ ወጌሻ አብዛኛውን ጊዜ በወጣትነቱ ጥሩ የገና ተጫዋች የነበረ ነው ይባላል፤ እውቀቱ ከሁለቱም ወገን ነው ማለት ነው።

የጨዋታው ዋና ክፍል ከጨዋታው በኋላ ያለው መሆኑ ከካናዳው ሊግ ጋር የሚያስተካክለው ሌላው ባሕርይ ነው። ያሸነፈው ወገን እየጨፈረና ዱላውን ከራሱ በላይ እያወዛወዘ ወደ ሰፈር ሲገባ፣ ተሸናፊው ከኋላ እያነከሰ ይከተላል፤ አሸናፊው የተሸናፊውን ሩጫ፣ ዓይን፣ ጉልበት፣ ከዚያም ሲሞቅ ዘሩንና በሬውን በግጥም መተቸት የተፈቀደለት ሲሆን፣ ይህም ከቅልጥሙ ምት ያላነሰ ሥቃይ አለው። ስድቡ በአንዳንድ አገር ግልጽ ነው፤ በቢቸና አካባቢ ግን የዲማ ጊዮርጊስን የቅኔ ጉባኤ የመሰለ ጎረቤት ስላለ፣ ቅኔ ቤት የቆየ አንድ ዲያቆን በቡድኑ ውስጥ ከተገኘ ነገሩ ሰምና ወርቅ ይሆናል። ተሰዳቢው በዚያች ሰዓት የተመሰገነ መስሎት አብሮ ይስቃል፤ ወርቁ የሚገባው ወደ ቤቱ ሲሄድ፣ መንገድ ላይ፣ ብቻውን ነው፤ ተመልሶ እንዳይጣላ ደግሞ ሌሊቱ ብርድ ነው፣ እግሩም አብጧል። የበረዶው ሊግ ተሸናፊ ከዚህ ሥቃይ ነፃ መሆኑ የሊጉ ሰብአዊነት ሳይሆን የቅኔ ቤት እጥረት ያመጣው ነው።

መጠጡ እንደ ቤቱ አቅም ይለያያል፤ ጠላ ሁልጊዜ አለ፣ አረቄ ለብርዱ ይቀርባል፣ በከተማው ደግሞ ከላይ የተጠቀሰው ሦስተኛው የበረዶ ዓይነት የተጋገረበት ማቀዝቀዣ ይከፈትና ቢራው ይወጣል። ሜዳው በልማድ የወንዶች ሆኖ ቢኖርም የመጨረሻው ፍርድ በእነርሱ እጅ አለመሆኑ የሚታየው በዚህ ሰዓት ነው፤ ጠላውን የጠመቀችው እመቤት ጣሳውን ይዛ ስትዞር ለማን አሳንሳ እንደቀዳች ሁሉም ይመለከታል፤ ባሏ ከሆነ ጎል የሳተ እርሱ ነው ማለት ነው፤ ክርክሩም በዚያው ያበቃል።

በቅርብ ጊዜያት ጨዋታው ወደ ሥርዓት እየገባ ነው። የኢትዮጵያ ባህል ስፖርቶች ፌዴሬሽን ገናን ከትግል፣ ከገበጣና ከፈረስ ጉግስ ጋር በውድድር ዝርዝሩ አስገብቶ ደንብ አበጅቶለታል፤ ሜዳው ተለክቷል፣ ዳኛው ፊሽካ ይዟል፣ ቡድኖቹ መለያ ለብሰዋል፤ በአዲስ አበባም ጃን ሜዳ የገና ጨዋታ የታወቀ ስፍራ ነው። ይህ ጥረት ባይኖር ኖሮ፣ የእንግሊዝ ፕሪምየር ሊግ በየከተማው በሚታይበትና በቢቸናም መስክ ላይ የአርሰናልና የማንችስተር መለያ የለበሰ ወጣት ዱላ ይዞ በሚታይበት በዚህ ዘመን ጨዋታው ከአረጋውያን ትዝታ ባላለፈ ነበርና ምስጋና ይገባዋል። ነገር ግን ፊሽካ አንድ ነገር ወስዷል፤ ጥንጓ አለፈች አላለፈችም የሚለውን ጥያቄ አንድ ሰው በአንድ ትንፋሽ ሲዘጋው የጨዋታው ግማሽ ይቀራል። በወጉ የሚጫወቱ መስኮች ይህን የተረዱ ይመስላሉ፤ በእነርሱ ዘንድ በፀሐይ መጥለቂያ ያልተቋጨ ክርክር በሽማግሌ ትእዛዝ ለጥምቀት ይቀጠራል፤ በጥምቀት ደግሞ ወንደላጤው በሙሉ ሎሚ ገዝቶ፣ ጸጉሩን ተቀብቶ፣ ዓይኑ ወደ ልጃገረዶቹ ስለሚሄድ ምስክር አይገኝም፤ ባለትዳሮቹም ምስክር በሌለበት መሟገት ስለሚያሳፍራቸው ጉዳዩ ከነመሐላው፣ ከነዛፉ፣ ከነአማቹ ዝምድና ማጣሪያ ለሚቀጥለው ታኅሣሥ ይተላለፋል፤ እስከዚያም ሁለቱም ወገን ዘንድሮ ያሸነፍነው እኛ ነን እያለ ይኖራል።